ስፔሻሊስት ላይ ተቸክዬ ቀረሁ፣ ሳርጀንት ቦርድ የገባችሁ እስቲ ምከሩኝ

ባቲ_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዩኤስ አርሚ ውስጥ ያላችሁ ወይ የነበራችሁ ሀበሾች እርዱኝ። ከገባሁ 3 ዓመት አለፈኝ፣ 88ኤም ነኝ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ማለት ነው። ማዕረጉ ፒቪቱ በ6 ወሬ መጣ፣ ፒኤፍሲ በዓመቴ መጣ፣ ስፔሻሊስት በ2 ዓመቴ መጣ፣ ሳርጀንትም እንደዛው ቀኑን ጠብቆ ከተፍ የሚል መስሎኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከኔ በኋላ የመጣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ባለፈው ወር ሳርጀንት ሆነና አሁን ጠዋት ፎርሜሽን ላይ እኔን የሚቆጥረኝ እሱ ነው። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ አልጠላውም፣ ግን ያማል። ስራ ላይ ደሞ ማንም አይቀድመኝም፣ ሞተር ፑል ውስጥ ሰው ምሳ ሲሄድ እኔ መኪናው ስር ተጋድሜ የሚያንጠባጥበውን እፈልጋለሁ፣ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። ግን እስከዛሬ ቦርድ ግባ፣ ለእድገት የሚገመግሙህ አለቆች ፊት ቅረብ ያለኝ የለም። እንግሊዝኛዬም ያው አክሰንት አለው። እናቴ በደወለች ቁጥር "አሁንም አስር አለቃ አላሉህም?" ትላለች፣ ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ። ከየት ልጀምር?

ጠጅሳር፦
አይዞህ ወንድሜ። አይዞህ ካልኩህ በኋላ ትንሽ ልቆጣህ ነው፣ ቅር እንዳይልህ። እስከ ስፔሻሊስት ያለው ጊዜህ ከሞላ፣ ፍላግ (እድገት የሚያግድ እገዳ) ከሌለብህና ኮማንደርህ ካልከለከለህ በራሱ ይመጣል። ከዛ በላይ ያለው ሌላ ጨዋታ ነው። ለሳርጀንትና ለስታፍ ሳርጀንት ቦርድ ፊት ትቀርባለህ፣ ቦርዱ ይሁን ካለ ፕሮሞሽን ሊስት ላይ ትገባለህ፣ ከዛ ፖይንትህ ይታያል፣ ጣሪያው 800 ነው፣ በየወሩ ለእያንዳንዱ ኤምኦኤስ (የስራ ዘርፍ) ከትኦፍ (ለማደግ የሚበቃው ነጥብ) ይወጣል፣ ከደረስክበት ታድጋለህ፣ ካልደረስክ ለሚቀጥለው ወር ትጠብቃለህ።

አሁን "ቦርድ ግባ ያለኝ የለም" ያልካት ነገር። ጠየቅክ ወይ? በአፍህ፣ ለስኳድ ሊደርህ፣ "ሳርጀንት፣ ቦርድ መግባት እፈልጋለሁ፣ ምን ይጎድለኛል" ብለህ? አልጠየቅክም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልጠየቅኩ ነው የማውቀው። እኛ ለራሱ የሚጠይቅ ልጅ ዓይን አውጣ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፣ ስራህን ጸጥ ብለህ ስትሰራ አለቃ አይቶ ይሸልምሃል ብለን እንጠብቃለን። እዚህ ግን ዝም ያለ ወታደር ሲያዩ "ይሄ ልጅ ባለበት ተመችቶታል" ነው የሚሉት። ክፋት አይደለም፣ በቃ እንደዛ ነው የሚረዱት።

ነገ ሂድና ጠይቅ። ደሞ አንድ ነገር ያዝ፣ ጊዜህን ሞልተህ ያለ ዌቨር (ያለ ልዩ ፈቃድ) ብቁ ከሆንክና ካልመከሩህ ለምን እንደሆነ ካውንስሊንግ ሊሰጡህ ደንቡ ያስገድዳቸዋል፣ በ4856 ፎርም፣ በጽሁፍ። ፎርሙን ጠይቅ። በትህትና ጠይቅ ግን ጠይቅ።

ትራክነጂው፦
እኔም 88ኤም ነበርኩ፣ መኪና ስር መጋደም ፖይንት የለውም ወንድሜ 😂 ስንት ዓመት ነው ይሄን ለማወቅ የፈጀብኝ

42ኤ_ወረቀት፦
ኤስዋን (የዩኒቱ የሰው ኃይል ቢሮ) ውስጥ ነው የምሰራው፣ የናንተን ወረቀት የሚያስገባው ሰውዬ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ስድቡን ለምጄዋለሁ። ባቲ፣ መጀመሪያ አይፕስኤ (የአርሚው የሰው ኃይል ሲስተም) ውስጥ ግባና ፕሮሞሽን ፖይንት ወርክሺትህን አውጣው። ዛሬ ማታ። ሰው ሁሉ ስለ ቦርድ ነው የሚጨነቀው፣ ድሮ ቦርዱ ራሱ ፖይንት ስለሚሰጥ ጭንቀቱ ከዛ ዘመን የቀረ ነው፣ አሁን ቦርድ አዎ ወይ አይ ነው የሚልህ። ፖይንቱ የሚመጣው ከተኩስ ውጤትህ፣ ከፊትነስ ቴስትህ፣ ከሜዳልያና ሰርተፍኬትህ፣ ከሚሊተሪ ኮርስና ከሲቪል ትምህርትህ ነው። ይሄ ሁሉ ደሞ ሲስተም ውስጥ ካልገባ የለም። ስፔሻሊስት ሆኖ ዴስኬ ጋ መጥቶ "እኔ እኮ ኤክስፐርት ነው የተኮስኩት" የሚለኝ በየሳምንቱ አለ፣ እከፍታለሁ፣ ያለፈው ዓመት 26 ነው የተጻፈው፣ አዲሱን ካርድ ማንም አላመጣውም፣ ከሬንጅ (ከተኩስ ሜዳ) ሲመለስ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ቀርቶ ታጥቧል። 40 ኢላማ ነው፣ 36 እና ከዛ በላይ ኤክስፐርት ነው፣ በ23 ያለፈና በ38 ያለፈ ሰው ሬንጁ ላይ ሁለቱም አልፈዋል፣ ወርክሺቱ ላይ ግን አይገናኙም። ስለዚህ ካርድህን እዛው ፎቶ አንሳው።

አዋርድህንም እይ። ከአንዱ ዩኒት ወደ ሌላው ስትዛወር የተሰጠህ አቺቭመንት ሜዳል ወረቀቱ አይፐርምስ (የወታደሩ ፋይል የሚቀመጥበት ሲስተም) ውስጥ ሳይገባ ሜዳሉ ብቻ መሳቢያህ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በጣም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ባቲ_ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወርክሺቱን አሁን አየሁት፣ አፈርኩ። ተኩስ 29 ነው የሚለው። ሲቪል ትምህርት ባዶ። ሜዳል አንድም የለም፣ አንድ ግን ተሰጥቶኝ ነበር ፎቶም አለኝ። ትምህርት ላይ ግን አንድ ጥያቄ፣ እኔ አገር ቤት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ስገባ ሪክሩተሩ የውጭ ዲግሪ እዚህ አይሰራም ብሎኝ ተውኩት፣ ዲግሪው አሁንም ሻንጣ ውስጥ ነው።

ካልዲ_በሬንጅ፦
ኧረ የኔ ወንድም!!! ሻንጣ ውስጥ????

ካልዲ_በሬንጅ፦
ይቅርታ ጮህኩብህ። ግን ይሄን የሚያነብ ገና ያልገባ ልጅ ካለ ስሙኝ፣ የ4 ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት ትራንስክሪፕቱን ካስገመገመ ከመጀመሪያው ቀን ስፔሻሊስት ሆኖ ነው የሚገባው። ፒቪዋን (የመጀመሪያው ማዕረግ) ሆኖ አይደለም። ባቲ አንተን ይሄ አልፎሃል፣ ግን ክሬዲቱ አላለፈህም። ናሴስ የሚባለው ማህበር አባል የሆነ የግምገማ ድርጅት ጋ ትልከዋለህ፣ ኮርስ በኮርስ ያለውን ግምገማ ጠይቅ፣ ከዛ ኤዱኬሽን ሴንተር ውሰደው። የሲቪል ትምህርቱን ዓምድ ባንዴ ነው የሚሞላልህ፣ ሌላው ልጅ ማታ ማታ ኦንላይን ክላስ ወስዶ በ3 ዓመት የሚያመጣውን። ዋናው ችግር ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ኤንቨሎፕ በቀጥታ መላክ አለበት ይሉሃል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሬጅስትራር ቢሮ በአካል ሄዶ ካልተሰለፈልህ አይሆንም። እኔ እህቴን ነው የላክኋት፣ ሶስት ቀን ተመላልሳ፣ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ጠጅሳር፦
ካልዲ ልክ ነው። ደሞ ክሌፕ የሚባሉት የኮሌጅ ክሬዲት ፈተናዎች ለወታደር ነጻ ናቸው፣ ካለፍክ ክሬዲት ነው። ቱይሽን አሲስታንስ የሚባለው የትምህርት ክፍያ ድጋፍም ለክሬዲት አወር እስከ 250 ዶላር ይከፍላል፣ በዓመት ገደብ አለው፣ ኤዱኬሽን ሴንተር ያስረዱሃል።

ማቭኒ_2014፦
አማርኛችሁን አትርሱ። እኔ በማቭኒ ነው የገባሁት፣ ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን ያስገባ የነበረ ፕሮግራም ነው፣ ያኔ አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፣ ፕሮግራሙ 2016 ላይ ቆመ። ግን የቋንቋ ፈተና ተፈትነህ ውጤትህ ፋይልህ ላይ ከገባ አሁንም የፕሮሞሽን ፖይንት አለው። አማርኛ የሚናገር ወታደር ፈተናውን ሳይፈተን 4 ዓመት ኖሮ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ምክንያቱን ስጠይቀው "አማርኛ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው" አለኝ። ኦሮምኛም ትግርኛም የምትችሉ ጠይቁ።

ሲትዝንሺፕ ያልጨረሳችሁ ደሞ እሱን አስቀድሙ። በግሪን ካርድ መዝመት ይቻላል፣ ሴኪውሪቲ ክሊራንስ ግን ዜግነት ይፈልጋል፣ ክሊራንስ የሚጠይቅ ኤምኦኤስም አይከፈትላችሁም፣ ኦፊሰር መሆንም አይቻልም። ኤን 426 ፎርሙን (የአገልግሎት ማረጋገጫውን) ዩኒታችሁ ይፈርምላችኋል፣ ከኤን 400 (ከዜግነት ማመልከቻው) ጋር ትልኩታላችሁ፣ ለወታደር ክፍያ የለውም።

ቡና_ቁርስ፦
ይሄ ሁሉ ወሬ ነው ይቅርታ አድርጉልኝ። 6 ዓመት አገልግዬ ወጥቻለሁ። የሚያድገው ከፕላቱን ሳርጀንቱ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሳ የሚያጠምደው ነው። እኛ በአክሰንታችን ይስቁብናል፣ ስማችንን መጥራት አይፈልጉም፣ "አልፋቤት" ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ፖይንት ምናምን እያላችሁ ልጁን አታሞኙት።

ጠጅሳር፦
ቡና ቁርስ፣ ዓሳ ማጥመዱ የለም አልልህም። አዋርድ የሚጽፍልህ እሱ ነው፣ ለቦርድ የሚልክህ እሱ ነው፣ እና የሚወደውን ሰው ቀድሞ ያስታውሳል። በስሜ የሳቁብኝም አሉ፣ አንድ አለቃ ነበረኝ ለሁለት ዓመት የአባቴን ስም ግማሹን ብቻ ነበር የሚጠራው። ግን ከትኦፉን የሚያወጣው የሱ ዓሳ አይደለም። የተኩስ ውጤት፣ ሩጫ፣ ክሬዲት፣ እነዚህን ማንም አይነፍግህም፣ ስለዚህ እነዚህን ነው መጀመሪያ ጢም አድርጎ መሙላት። ከዛ በኋላ ካላስገቡህ በእጅህ ወረቀት ይዘህ ነው የምትከራከረው። ያለ ወረቀት የምትከራከር ከሆነ አንተም እንዳልከው ወሬ ነው የሚሆነው።

ቡና_ቁርስ፦
እሺ። እሱ እንኳ እውነት ነው። እኔ ወረቀት አልነበረኝም።

ታጠቅ69፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ልጄ እዚህ አርሚ ውስጥ አለ፣ እሱ ነው ይሄን ያሳየኝ። እኔ በ1969 ዓ.ም ታጠቅ ጦር ሰፈር የሰለጠንኩ ነኝ። አስር አለቃ የሆንኩት ቦርድ ገብቼ አይደለም፣ ከኔ በላይ የነበሩት ስላለቁ ነው። ለጨዋታ አይደለም ይሄን የምለው፣ እንዲህ ቁጭ ብሎ ፖይንት ቆጥሮ ማደግ መታደል ነው ለማለት ነው። ደሞ ያ ወጣት ለእናቱ አስር አለቃ ሆንኩ እንዳይል፣ ሳርጀንት በኛ ሃምሳ አለቃ ነው። አስር አለቃ ኮርፖራል ነው።

ባቲ_ልጅ፦
አባባ እድሜ ይስጥልኝ። ሃምሳ አለቃ ሲሏት እናቴ ሰፈሩን ነው የምትጠራው። ግን እዚህ ሳርጀንት ቲም ሊደር ነው፣ ራሱን ጨምሮ 4 ሰው ነው ቲሙ፣ ሃምሳው ከየት ይመጣል 😂

ታጠቅ69፦
አራቱን በደንብ ከያዝክ ሌላው ቀርቶብህ።

የቅርያት_ጋት_ልጅ፦
እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ እዚህ የናንተን ያህል ጣጣ የለውም፣ በግዴታ አገልግሎት ላይ ራባት፣ ሳማል፣ ሳማል ሪሾን እያለ በአብዛኛው ጊዜው ነው የሚያሳድግህ። ጭንቀቱ ሌላ ቦታ ነው፣ የአዛዥ ኮርስ ይልኩሃል ወይስ አይልኩህም፣ ከዛ ደሞ ባሀድ 1፣ የመኮንኖች ትምህርት ቤቱ፣ ትገባለህ ወይ። እዛም ቢሆን የሚጠይቅ ነው የሚሄደው። ወንድሜ ዝም ብሎ ወጣ፣ እኔ ነዝንዤ ገባሁ።

ባቲ_ልጅ፦
ዛሬ ጠየቅኩ። ስኳድ ሊደሬ መጀመሪያ ደነገጠ፣ "አንተ መች ሳርጀንት መሆን ትፈልግ ነበር" አለኝ። እንዲሁ ነው ያለኝ። 3 ዓመት ሙሉ እኔ እሱ ይከለክለኛል ብዬ፣ እሱ እኔ አልፈልግም ብሎ። በሚቀጥለው ወር ቦርድ አስገባሃለሁ ብሏል። አሁን ስለ ቦርዱ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ጠጅሳር፦
ጎበዝ! እንግዲህ የኔን ልንገርህ፣ ከስህተቴ ተማር።

ቦርዱ ከጠረጴዛ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ መሃል ላይ ፕሬዚዳንቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባታሊዮኑ ሳርጀንት ሜጀር፣ ግራና ቀኝ ፈርስት ሳርጀንቶች። በር ታንኳኳለህ፣ ግባ ሲሉህ በሰልፍ እርምጃ ገብተህ ፕሬዚዳንቱ ፊት ትቆምና ሳሉት አድርገህ ሪፖርት ታደርጋለህ። ሌላ ጊዜ ለሳርጀንት ሜጀር ሳሉት አይደረግም፣ ቦርድ ላይ ግን ይደረጋል፣ ይሄን የማያውቅ ደጃፉ ላይ ነው የሚደናበረው። ከዛ ያዞሩሃል፣ ሌፍት ፌስ፣ አባውት ፌስ፣ ዩኒፎርምህን ከፊትም ከኋላም ያዩታል። ከዛ ኤንሲኦ ክሪድ (የበታች ሹማምንት ቃል ኪዳኑን) በል ይሉሃል። ከዛ ነው ተቀመጥ የሚሉህ፣ ስትቀመጥ እጅህ ጉልበትህ ላይ፣ ጀርባህ ወንበሩን ሳይነካ።

እኔ ክሪዱን በልቤ እንደ ውዳሴ ማርያም ነበር የማውቀው። ሌሊት ተነስቼ እላለሁ፣ ሻወር ውስጥ እላለሁ። ግን በልቤ ነበር የምለው፣ ጮክ ብዬ አይደለም። እዛ ስቆም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ድምጼ ጠፋ። በዛ ላይ ዓይኔ። ሳርጀንት ሜጀሩ ትልቅ ሰውዬ ነበር፣ የአባቴ እኩያ፣ እና እኔ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ወደ መሬት አደርጋለሁ፣ እንዲህ ነው ያሳደጉኝ፣ አውቄ አይደለም። አንዷ ፈርስት ሳርጀንት "ስፔሻሊስት፣ ወለሉ ላይ መልስ ተጽፏል እንዴ?" አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ። ያን ቀን ኖ ጎ (አላለፍክም) ተባልኩ፣ እመኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ለሁለተኛው ምን አደረግኩ፣ ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት የራሴን ዓይን እያየሁ ክሪዱን ጮክ ብዬ በየቀኑ አልኩ። ጎረቤቴ የባራክ ልጅ ግድግዳውን ደበደበችው። አክሰንቴን አልቀየርኩትም፣ ፍጥነቴን ነው የቀነስኩት፣ ሲጨንቀን እንፈጥናለን እኮ። ቃላቱን አንድ በአንድ። ማንም ስለ አክሰንቴ አልተናገረም።

መልስ ካላወቅክ አትዘባርቅ፣ "ሳርጀንት ሜጀር፣ መልሱን አሁን አላስታውስም" ብሎ መቀጠል ነው፣ እነሱ የሚያዩት ስትጨነቅ ምን እንደምትሆን ነው። ጥያቄው ከዩኒፎርም ደንቡ ከ670 1፣ ከካውንስሊንግ፣ ከፊትነስ፣ ከመጀመሪያ ህክምና፣ ከወቅቱ ዜና ይመጣል። ዜናውን አደራ፣ ጠዋት ከመግባትህ በፊት አንብብ፣ እኔን የጠየቁኝ ያን ቀን ሌሊት የሆነ ነገር ነው። ሌላው አሁን አሁን የሚጠይቁት "አንድ ወታደርህ አርፍዶ መጣ፣ ሶስተኛ ጊዜው ነው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ምን ታደርጋለህ" ዓይነት ነው፣ መጽሐፍ የሌለው። እዛ ላይ አንተ ዕድሜህ ይጠቅምሃል፣ የ21 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ነው የሚጠቅሰው፣ አንተ ግን ሰውን ነው የምታውቀው።

42ኤ_ወረቀት፦
ዩኒፎርሙን ከደንቡ ጋር ራስህ ሩለር ይዘህ ለካ፣ ሱቅ የሰፋልህን አትመን። የስም ፕሌት ጠማማ ሆኖ የገባ ሰው ገና ሳያወራ ነው የሚያዩት።

ካልዲ_በሬንጅ፦
ፊትነሱን ማንም አላነሳም። ከ2025 ሰኔ ጀምሮ አርሚ ፊትነስ ቴስት ነው፣ 5 ነገር፣ ኳሷን ወደኋላ መወርወር ቀረ እግዜር ይመስገን። እያንዳንዱ 100፣ ድምሩ 500፣ ማለፊያው 60 60 ነው ግን ማለፊያ ፖይንት አይሰበስብም። እኛ ሀበሾች 2 ማይሉ ላይ ማንም አይነካንም፣ ዴድሊፍቱ ላይ ነው የምንሸማቀቀው። እኔ ሩጫዬን እየተማመንኩ ጂም የሚባል ሳልረግጥ ዓመት ሆነኝ፣ አንድ ሳርጀንት ሩጫ ላይ 20 ሰከንድ ከምትቀንስ ዴድሊፍት ላይ 40 ፓውንድ ብትጨምር ይሻልሃል አለኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አነሳሁ፣ በ4 ወር 180 የነበረው 260 ገባ። ባቲ አንተም መኪና ጎማ የምትፈታ ሰው ጀርባህ ቀድሞውኑ አለ፣ ቴክኒኩን ብቻ ያሳዩህ።

ትራክነጂው፦
ቁመትና ክብደትም አለ አትርሱ፣ ከወደቅክ ፍላግ ነው፣ ፍላግ ካለ 800 ፖይንት ቢኖርህ አትነቃነቅም። ከፋሲካ ማግስት ለሚዛን የጠሩኝን አልረሳውም

ማቭኒ_2014፦
ከትኦፉን ከአሁኑ ተከታተል። አንዳንድ ኤምኦኤስ ወር ከወር 798 ነው የሚለው፣ እሱ ተዘግቷል ማለት ነው በጨዋ ቋንቋ። ያንተ እንደዛ ሆኖ ከቆየ ኤምኦኤስ መቀየርም መንገድ ነው። ለዛ ጂቲ ስኮር (ከመግቢያ ፈተናህ የሚወጣ ውጤት) ነው የሚጠይቁህ፣ ብዙ ጥሩ ጥሩው 110 ይፈልጋል። ገና እንግሊዝኛችን ሳይፈታ ስለምንፈተን ዝቅ ያለ ውጤት ይዘን ነው የምንገባው፣ ቢሴፕ የሚባል ክላስ ኤዱኬሽን ሴንተር ውስጥ አለ፣ በስራ ሰዓት ነው፣ ከዛ ድጋሚ ትፈተናለህ። እኔ 94 ነበርኩ 117 ሆኜ ወጣሁ።

ባቲ_ልጅ፦
(ከ2 ወር በላይ ቆይቶ) ሰላም ቤተሰብ፣ ጠፋሁ ይቅርታ። ቦርድ ገባሁ፣ አለፍኩ!! ክሪዱ ላይ አንድ ቃል ዘለልኩ ግን ቆሜ ከዛው ቀጠልኩ። ካውንስሊንግ ላይ ጠየቁኝ መለስኩ፣ አንዱን አላስታውስም አልኩ። መጨረሻ ላይ ሳርጀንት ሜጀሩ "ከመምጣትህ በፊት የት ትሰራ ነበር" አለኝ፣ ባቲ ገበያ ላይ ከአጎቴ ጋር ግመል እንሸጥ ነበር አልኩት፣ እስቲ ግመል ሻጭ እንዴት ነው ዋጋ የሚቀንሰው ብሎ አስር ደቂቃ ያዘኝ። እጅ በልብስ ሸፍኖ በጣት መነጋገሩን አሳየሁት፣ ፈርስት ሳርጀንቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ሬንጅ ድጋሚ ወጣሁ፣ 37። ሜዳሉ ገባ። ፖይንቴ ግን የዚህ ወር ከትኦፍ ላይ አልደረሰም፣ ትራንስክሪፕቱ ገና ነው፣ የአጎቴ ልጅ ሬጅስትራር ሄዶ ሲስተም የለም ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። የቢኤልሲ (የሳርጀንትነት ኮርሱ) ቀን ተሰጥቶኛል፣ 22 ቀን ነው አሉኝ፣ እሱን ሳልጨርስ ማዕረጉ አይለጠፍም። ለእናቴ ሃምሳ አለቃ ልሆን ነው አልኳት፣ "ሃምሳዎቹ ሀበሾች ናቸው ፈረንጆች?" አለችኝ።

ጠጅሳር፦
እልልልል! ቢኤልሲ ላይ ማስታወሻ ደብተር ያዝ፣ ሰው ፊት ቆመህ ኦራል ፕሬዘንቴሽን አለ፣ መስታወቱን አትተው።

ታጠቅ69፦
እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።

42ኤ_ወረቀት፦
ባቲ፣ 37ቱ ሲስተም ውስጥ ገብቷል ወይስ ካርዱ ኪስህ ውስጥ ነው?

ባቲ_ልጅ፦
ቆይ ልይ

ባቲ_ልጅ፦
29 ነው የሚለው። አሁን ወደ ኤስዋን እየሄድኩ ነው።